ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ ልጄ ግን ሐኪም እንድትሆን አልፈልግም

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

የምኖረው አዳማ ነው፤ ከመናኸሪያው አካባቢ አነስተኛ የልብስ ሱቅ አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ በኮሮና ታሞ ሆስፒታል ተኛ። ገብተን ማስታመም አይፈቀድልንም ነበርና ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንውላለን። ውስጥ ግን አንድ ወጣት ሐኪም ነበር። ማታ ሥራው ጋብ ሲልለት በገዛ ስልኩ ይደውልልኛል። «ዛሬ ሾርባ ቀምሰዋል»፣ «ዛሬ ኦክሲጅኑን ቀነስ አድርገንላቸዋል» ይለኛል። የፋሲካ ሌሊት ስልኩን ባለቤቴ ጆሮ ላይ ይዞ ከልጆቹ ጋር አገናኘው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለቤቴ ድኖ ወጣ። የሐኪሙን ፊት ግን ከመሸፈኛው የተነሣ አንድም ቀን አላየሁትም። «ሰሞኑን ሄደን እናመሰግነዋለን» እንዳልን ዓመታት አለፉ።

አሁን ነገሩ እንቅልፍ የነሳኝ በልጄ ምክንያት ነው። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍል መምረጫ ጊዜዋ ደርሷል። «ሕክምና ነው የምማረው» ትላለች፤ ምክንያቷም ያ ሐኪም ነው። እኔ ደግሞ አይሆንም ብያታለሁ። በሽታ በመጣ ቁጥር ፊት ለፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ስለ ደመወዛቸውም የምሰማው ደስ አይልም። «አባዬን ያዳነው ሐኪምስ እናት የለውም ወይ?» ስትለኝ አፌ ተያዘ። ለሐኪሙ የወርቅ ቀለበት ልንሰጠው አስበን ነበር፤ የባለቤቴ ወንድም ግን «ደመወዝ የሚበላበትን ሥራ ነው የሠራው፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» ይላል። እኔ አመስጋኝ ነኝ ወይስ ግብዝ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

*

ውድ እኅቴ፣

ግብዝ አይደሉም። ሐኪሙን የወደደውም ለልጅዎ የፈራውም ልብ አንድ ነው። ያኔ ከአጥሩ ውጭ ቆመው፣ ሰው ለማያውቀው ሰው ብሎ ምን ያህል እንደሚደክም አዩ፤ ድካሙ ምን እንደሚያስከፍለውም አዩ። ምስጋናዎም ፍርሃትዎም ከዚያ ነው የመጡት።

የልጅዎን ጥያቄ ግን ሊያልፉት አይገባም። አዎ፣ ያ ሐኪም እናት አለው። ልጁ ማታ ሲደውልልዎት የእርሱ እናት ደግሞ የት እንደዋለ፣ ምን እንደነካ፣ አተኩሶት እንደሆነ እያሰበች ስልኩን ትጠብቅ ነበር። ለልጅዎ የሚመኙት ዕረፍት፣ ደኅንነት፣ ሰው የሚያኖር ደመወዝ፣ ሁሉም ለዚያ ልጅ ሊመኙለት ብቻ ሳይሆን ሊጠይቁለትም የሚገባ ነው። የእኔ ምክር በሙሉ እዚህ ላይ ያረፈ ነው፤ የሚቀጥለው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

ባለቤትዎ የተኙበት ወር ምን ዓይነት ወር እንደነበረ ላስታውስ፤ ብዙዎቻችን ረስተነዋልና። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሁላችንም ፈራን። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በየሱቁ ደጃፍ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ተቀመጠ። በዓመቱ ፍርሃታችን ሲለቅቀን በሽታው በረታ። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ሞልተው አልጋ ፍለጋ የሚንከራተተው ቤተሰብ ብዙ ነበር። እኛ መሸፈኛውን ወደ አገጫችን አውርደን በበዓል ገበያ ስንጋፋ፣ ሆስፒታል ውስጥ ያሉት ሰዎች እጅግ የከፋውን ጊዜያቸውን እየገፉ ነበር። ወሩ የዓቢይ ጾምና የረመዳን ወር ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ሲውል ረመዳኑ ገና አላለቀም። ባለቤትዎ ከልጆቻቸው ጋር በተነጋገሩባት ሌሊት፣ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ከቤተሰቧ ጋር ያልፈሰከች ነርስ፣ በቴምርና በውሃ አፍጥሮ ወዲያው ጓንቱን ያጠለቀ የላቦራቶሪ ሠራተኛ መኖራቸው አይቀርም።

ክትባቱም ቢሆን ገና መምጣቱ ነበር። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ ቅድሚያውም ለጤና ባለሙያዎች ነበር። በሁለቱ መርፌዎች መካከል ብዙ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ስለነበር፣ ያ ሐኪም ተከትቦ እንኳን ቢሆን ባለቤትዎ አልጋ አጠገብ የቆመው የመጀመሪያውን መርፌ ብቻ ወስዶ ሳይሆን አይቀርም።

የአዳማን ሙቀት ለእርስዎ አልነግርዎትም። በሚያዝያ በቀጭን ቀሚስም አይቻልም። አየር የማያስገባ ልብስ ከራስ እስከ እግር ለብሶ፣ ሁለት ጓንት ደርቦ፣ መነጽር አጥብቆ ለሰዓታት መቆም ምን እንደሚመስል ያስቡት። ልብሱ አንዴ ከተለበሰ ውሃ አይጠጣም፣ መጸዳጃ ቤት አይኬድም። ሰው ለበሽታው ይበልጥ የሚጋለጠው ልብሱን በሚያወልቅበት ጊዜ ነውና፤ ደግሞም ተለዋጭ ልብስ እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

«ዛሬ ኦክሲጅኑን ቀነስ አድርገንላቸዋል» ያለዎትን ቃል በቀላሉ አይለፉት። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ አንድ ሕመምተኛ 6,000 ሊትር የያዘ ሲሊንደር በ10 ሰዓት ይጨርሳል። እንዲህ ያሉ 10 ሰዎች በአንድ ክፍል ካሉ በቀን 24 ሲሊንደር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሐኪሙ በባለቤትዎ ጣት ላይ በተሰካችው መለኪያ የደማቸውን ኦክሲጅን እያየ፣ ትንሽ ቀንሶ፣ ቆሞ ጠብቆ፣ ሲወርድባቸው መልሶ ጨምሮ፣ እንደገና ሞክሮ ነው እዚያ የደረሰው። ቶሎ ቢቀንስ ባለቤትዎ ይጎዳሉ፤ ከሚገባው በላይ ቢዘገይ ሌላ አልጋ ላይ ያለ ሰው የሚተነፍሰው ያጣል። በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ እንደዋለ እግዚአብሔር ይወቀው። ለእርስዎ የደረሰዎት ግን አንዲት የምታሳርፍ ቃል ብቻ ናት፤ ጭንቀቱን እዚያው ለራሱ አስቀርቶታል።

ሌላም አለ። በሽታው አዲስ ስለነበር ሐኪሞቹ የተማሩት መጽሐፍ ላይ አልነበረም። እያከሙ ነው የተማሩት። ሕመምተኛን በሆዱ ማስተኛት ትንፋሹን እንደሚያግዝ በየክፍሉ ተሞከረ፣ ተለመደ። ዴክሳሜታዞን የሚባለው የቆየና ርካሽ መድኃኒት፣ ኦክሲጅን በሚወስዱ ሕመምተኞች ላይ ሞትን በአንድ አምስተኛ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱት ላይ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ የታወቀው በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ በ2012 ሰኔ ነው። ባለቤትዎ ሲታመሙ ይህ እውቀት ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም ቤቱ ገብቶ ከመተኛቱ በፊት አዲስ የወጣውን መመሪያ ማንበብ ነበረበት። ሰዎች ሐኪምን የሚያመሰግኑት በርኅራኄው ነው፤ እኔ ግን ደክሞት ሳለ ማወቁን ባለመተዉም ሊመሰገን ይገባዋል እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2013 ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ፣ በዓለም ዙሪያ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ባለሙያዎች በኮሮና ሕይወታቸውን ሳያጡ እንዳልቀሩ ገምቷል። ፍርሃትዎን ከንቱ ነው የማልለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ወንድም ልምጣ። ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ሕክምና ሥራ ነው፤ ሐኪምም በደመወዝ የሚኖር ሰው ነው። እንዲያውም ሐኪምን «መልአክ» ማለት አልወድም። መልአክ እንቅልፍ አያምረውም፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ ልጅ አያሳድግም፤ እንዲህ ብለን ከጠራነው በኋላ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንረሳለታለን። በዚያው በሽታ ወቅት በአንድ አፋችን ጀግና እያልን፣ በሌላው የጤና ባለሙያ ተከራይን «ቤቴን ልቀቅልኝ» ያልን፣ ጎረቤት ነርስ ስታልፍ ልጆቻችንን ወደ ቤት የሰበሰብን ነበርን።

ስለዚህ ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ ነው ካሉ፣ እሺ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ደመወዙ ስንት ነው? ያኖራል ወይ? የአዳሩ ክፍያ በጊዜው ይደርሰዋል ወይ? ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። በእነዚያ ቀናት ሕመምተኛ ይዞ በር ላይ የቆመውን ቤተሰብ ጭንቀት አልዘነጋም። ነገር ግን እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ጥያቄያቸውን ጥያቄዬ ያልነው ስንቶቻችን ነን? «ደመወዝ ይበላበታል» ብሎ ምስጋናን የሚያስቀር ሰው፣ ያው ደመወዝ አንሶ ሲገኝ ቀድሞ ሊናገር ይገባው ነበር። ደግሞስ የማታው ስልክ በየትኛው ደመወዝ ውስጥ ተካቷል? ያንን ማንም አላዘዘውም፤ ባያደርገውም የሚጠይቀው አልነበረም። ወንድምዎን (የባልም ወንድም ወንድም ነው) በቁጣ ሳይሆን በዚህ መንገድ ይመልሱላቸው።

ቀለበቱን ግን አይስጡት። ሐኪሙ ቢቀበል ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር ይጋጭበታል፤ ባይቀበል ደግሞ እናትን የሚያህል ሰው ማሳፈር ይሆንበትና ይጨነቃል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ወሬው ሲሰማ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ድሀ «እኔ የምሰጠው የለኝም፤ አያዩኝም ማለት ነው» ብሎ እንዲሰጋ ማድረጉ ነው። በልብዎ ያለው ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልማዱ ግን ንጹሕ አይሆንም።

ሐኪሙን መፈለግ ይሻላል። በገዛ ስልኩ ይደውልልኝ ነበር ብለዋል፤ እንግዲያውስ ቁጥሩ ከእርስዎ ወይም ከልጆቹ በአንዱ አሮጌ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ካገኙት በድንገት ከመደወል ይልቅ አጭር መልእክት ይጻፉለት፤ ማን እንደሆኑ፣ ባለቤትዎ በየትኛው ወር እንደተኙ ይንገሩትና መቼ መደወል እንደሚመቸው ይጠይቁት፤ አድሮ የወጣበት ቀን ሊሆን ይችላልና። ቁጥሩ ከጠፋ የባለቤትዎን የካርድ ቁጥርና የተኙበትን ቀን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ቢሮ ይሂዱ። በዚያ ወር በዚያ ክፍል ማን ተመድቦ ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ሐኪሙ ከአዳማ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ለልዩ ሙያ ትምህርት ሄዶ ወይም ከአገር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደብዳቤውን ጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ። ከግል ማኅደሩ ጋር የሚያያዝ፣ «በዚህ ቀን ይህን አድርጎልናል» የሚል የአንድ ቤተሰብ ምስክርነት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም። የቅሬታ ሳጥን በየሆስፒታሉ ተሰቅሏል፤ ምስጋና ጽፎ የሚያስገባ ግን ጥቂት ነው።

ስልኩ ሲነሣ ግን እርስዎ አይደሉም መናገር ያለብዎት። ባለቤትዎ ይናገሩ። ምክንያቴን ልንገርዎት። ድኖ የወጣ ሰው ቤቱ ይገባል፣ ሥራው ይመለሳል፣ ሆስፒታሉን ማስታወስም አይፈልግም። ሐኪሙ ዘንድ የሚቀረው ያልዳነው ሰው ነው። በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠው የኮሮና ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው፤ እያንዳንዱን ሞት ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ያየ፣ ከዚያም ወጥቶ ለቤተሰብ የተናገረ ሰው አለ። እነዚያ ወጣቶች በሌሊት የሚመላለስባቸው የእነዚያ ፊት ነው። ያ ሐኪም የባለቤትዎን ድምፅ የሚያውቀው በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። አሁን ሳያቋርጡ፣ ሳይደክማቸው፣ ስለ ሱቁና ስለ ልጆቹ ሲያወሩ ይስማቸው። ወርቅ የማይገዛው ነገር ይህ ነው። ደግሞም ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ ብዙ ዘግይተናልና ከእንግዲህ በሳምንታት አያሳልፉት።

በደብዳቤው ላይ የሐኪሙን ብቻ አይጻፉ። «ሾርባ ቀምሰዋል» ሲልዎት ሾርባውን በማንኪያ ያቀመሰቻቸው ነርስ ትሆናለች። ወለሉን በበረኪና ያጸዳችው ሴት ከሁሉ ያነሰ ተከፍሏት ከሁሉ ባላነሰ ተጋልጣለች። ሲሊንደሩን እየገፋ ያመጣ አለ፤ አምቡላንሱን የነዳ አለ። ስማቸውን ባያውቁም ሥራቸውን ይጥቀሱላቸው።

ተጨማሪ ማድረግ ከፈለጉ አዳማ የደም ባንክ አላት። ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። ሐኪም እውቀቱ ሳያንሰው የሚሸነፈው ወላድ ደም ሲፈስሳት የሚሰጣት ደም ሲጠፋ ነው። የባለቤትዎ ወንድም ለሐኪም የምሰጠው ምስጋና የለኝም ካሉ ደማቸውን ይስጡ፤ ተቃውሞ የሚያቀርቡበት አይመስለኝም።

ወደ ልጅዎ ልመለስ፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይህኛው ነው።

አይከልክሏት፤ አይግፏትም። በሽታ በመጣ ቁጥር ከፊት የሚቆመው ሐኪም ነው ማለትዎ እውነት ነው። አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብለው የጠሩት ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያጠቃ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እስከ ድሀው ድረስ አልማረም፤ የነበሩት ሐኪሞችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለኮሮና የታወጀውን ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በኅዳር 2018 በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። ወረርሽኝ ያለፈ ታሪክ አይደለም። ልጅዎ ሐኪም ብትሆን በዕድሜዋ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ መቆሟ የማይቀር ነው። ይህን ከእርሷ ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት፤ ነገር ግን በእንባ ማስፈራሪያ አያድርጉት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጅዎ የአባቷ ውለታ መክፈያ አይደለችም። በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመቷ አባቷን ሊያጡ ሲሉ መልሶ የሰጣቸውን ሰው ስላየች፣ ሕክምና ማለት የዚያች የፋሲካ ሌሊት ስልክ መስሎ ተቀርጾባት ይሆናል። ሕክምና ያችም ሌሊት ናት፤ ግን ሌሎችም ብዙ ሌሊቶች አሉ። ከስድስት ዓመት የማያንስ ትምህርት፣ የመጨረሻውን ጊዜ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ያለ እንቅልፍ ማሳለፍ፣ ከዚያ የብቃት ምዘና ፈተና፣ ስፔሻሊስት መሆን ካማራት ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት። ተመርቀው ቅጥር የሚጠባበቁ ወጣት ሐኪሞች መኖራቸውንም መደበቅ አያስፈልግም። ያለ ጥፋቷ የሞተ ሕመምተኛ ቤተሰብ የሚሰድባት፣ አልፎም እጁን የሚያነሣባት ቀን ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በርጋታ ይጠይቋት፤ «አባትሽ ባይታመም ኖሮስ ይህን ትመርጪ ነበር?» ትን ብሏት ዝም ብትል አይቸኩሉባት። ጥያቄው ሁለትና ሦስት ቀን እንቅልፍ ሊነሳት ይችላል፤ ያም መልካም ነው።

እርስዎ ሆነው እንዲያስረዷት ግን አልመክርም። የሚያስፈራትም የሚያበረታታትም ቃል ከባለሙያው ቢመጣ ይሻላል። አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ (ዕድሜ ጠገቦቹ እስከ ዛሬ ኃይለማርያም ማሞ የምንለው) የሕክምና ተማሪዎች የሚያስተምር ነው። ከጎረቤት ወይም ከደንበኛ መካከል እዚያ የሚማር ልጅ ያለው ሰው አያጡም። አንድ ኢንተርን፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የቆየ ሐኪም፤ እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ታናግራቸው። የተጸጸተውንም የማይጸጸተውንም ትስማ። ያ ሐኪም ከተገኘ ደግሞ ከሁሉ በፊት እርሱን ትጠይቅ፤ ዓመቱ ምን እንዳደረገው፣ ዛሬም ቢሆን እንደሚመርጠው፣ እናቱ በሥራው ምን እንደምትል። የምስጋናው ስልክ ላይ ግን አይደለም፤ ያን ቀን ለምስጋናው ብቻ ይተዉለት።

ስለ ሐኪሞች ተስፋ የማደርገውን ከጠየቁኝ ብዙ አይደለም። አድሮ የወጣ ሐኪም እንዲተኛ፤ ለኦክሲጅን ሲል ሕመምተኛ እንዳያማርጥ፤ ወረርሽኝ በሚመጣበት ጊዜ መከላከያ ልብሱ ቀድሞት እንዲደርስ፤ ለ10,000 ሰው አንድ ገደማ ሐኪም ባለባት አገር ያለው ሐኪም አገሩን ጥሎ ለመሄድ እንዳይገደድ። ይህ ተስፋ ከላይ ከመንግሥት የሚጠበቅ ብዙ ነገር አለው፤ እኛ ደጃፍ ላይ ያለውም ግን ትንሽ አይደለም። ሱቅዎ ውስጥ ደንበኞች «የዘንድሮ ሐኪም ርኅራኄ የለውም» ሲሉ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩትን ይንገሯቸው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ተራ ሳይደርሰው ነርስ ላይ የሚጮኽ አስታማሚ ሲያዩ፣ ጭንቀቱን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ቀርበው ያረጋጉት። እንዲህ ያለውን ቃል ከሐኪም ይልቅ ከእርስዎ ይሰማል።

የምርጫው ቅጽ የሚሞላበትን የመጨረሻ ቀን ከልጅዎ ይጠይቁና ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ለዚህ ያድርጓቸው። ውሳኔዋን ስትነግርዎት ያለ ቁጣ ይስሟት። ሌላ ትምህርት ካለች «ያን ሁሉ አስለፍተሽኝ» አይበሏት። ሕክምና ካለች ደግሞ ረጅም ዓመታት ናቸውና፣ የመጽሐፉን፣ የማደሪያውንና የትራንስፖርቱን ወጪ እንዴት እንደምትሸፍኑ፣ ለዕረፍት ቤት ስትመጣም ከሱቁ ሥራ ነፃ እንደምትሆን ከባለቤትዎ ጋር አሁኑኑ ተመካከሩ።